መርምሮ መተው ምን ይሉታል?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በሴቶች ጓዳ እንጂ በአደባባይ ብዙም የማይወራ ነው። ይኸውም የጡት ካንሰር ነው። ስለ በሽታው ጠባይ ማስተማር የሐኪሞች ድርሻ በመሆኑ ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ከበሽታው ጋር ተያይዞ የሚመጣው የኅሊና ጥያቄ ነው። ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ የሌላትን፣ የጤና መድን ያልገባችን ሴት ‹‹ነይ ተመርመሪ›› ብሎ መጥራት ተገቢ ነውን? በሽታው ተገኝቶብሻል ብለን ነግረናት የምትታከምበትን መንገድ ካላሳየናት በጎ ሠራንላት ወይስ በደልናት?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። መርካቶ ውስጥ በርበሬና ቅመም እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ስለ ጡት ምርመራ ስጠይቃቸው፣ ‹‹ልጄ፣ ባውቀውስ ምን ላደርገው ነው? ሳላውቀው ሠርቼ ብበላ አይሻለኝም?›› አሉኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይህንኑ ለአንድ ሐኪም ወዳጄ ባጫውተው አልተገረመም። እንዲያውም የማያክሙትን በሽታ መፈለግ ሰውን በከንቱ ማስጨነቅ ነው የሚል አስተያየት በሙያ ባልደረቦቹም ዘንድ እንደማይጠፋ ነገረኝ። ፊደል ያልቆጠሩት እናትና የተማረው ሐኪም በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ተገናኙ። ሁለቱም ይህን ያሉት ከጭካኔ አይደለም። ይሁንና ትክክል ናቸውን?

ድህነት የሚበላው ጊዜን ነው

በቅድሚያ ስለምን እንደምንነጋገር እንለይ። የጡት ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሴትየዋ ምንም ሳይሰማት፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ሳለች የሚደረግ ቅድመ ምርመራ ነው። አቅሙ ባላቸው አገሮች ይህ የሚከናወነው ማሞግራም በሚባለው የጡት ራጅ ነው። ራጁ በእጅ ዳሰሳ የማይገኘውን ገና ጥቃቅን የሆነ ምልክት ያሳያል። በአሜሪካ ስለ ቅድመ ምርመራ ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 የሆኑ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ይህን ራጅ እንዲነሱ መክሯል። ሁለተኛው ደግሞ በጡቷ ላይ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ያየች ሴት ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የምታደርገው ምርመራ ነው።

ሁለቱም የቆሙት በአንድ ምክንያት ላይ ነው፤ ጊዜ። ከጡት ሳይወጣ የተደረሰበት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት ከተዛመተ በኋላ ግን ሕክምናው ሥቃይን ያስታግሳል፣ ዕድሜንም ሊያራዝም ይችላል እንጂ በሽታውን ነቅሎ ማጥፋት እጅግ ይቸግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ሲታወቅ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህል ሴቶች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ነው። ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ባላትና በሌላት ሴት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንዷ እብጠቱን ባየች በሳምንቱ ትመረመራለች። ሌላዋ ደግሞ እስከ ደመወዝ፣ ከዚያም እስከ በዓል ማግስት፣ ከዚያም የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ እስኪያልቅ እያለች ታቆየዋለች። ድህነት ይህችን ሴት የሚገድላት ጊዜዋን እየበላ ነው።

አሥር ዓመት የፈጀ ፈተና

ያነሳነው ጥያቄ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። አንድ ትልቅ አገር ሳያስበው በተግባር ሞክሮታል። አሜሪካ ባለጠጋ አገር ብትሆንም ዜጎቿን ሁሉ የሚያቅፍ የጤና መድን የላትም። አብዛኛው ሠራተኛ መድን የሚያገኘው በሚሠራበት ድርጅት በኩል ነው። 65 ዓመት የሞላውን መንግሥት ይሸፍንለታል። እጅግ ደሃ የሆነውም እንደየክፍለ ግዛቱ ደንብ ሜዲኬይድ በሚባለው የመንግሥት ድጋፍ ሊታከም ይችላል። በመካከል ያለችው ግን፣ ማለትም ጽዳት የምትሠራው፣ በሰው ቤት አዛውንት የምትንከባከበው፣ አነስተኛ ሱቅ ያላት ሴት ለመድን የሚበቃ ገንዘብ ሳይኖራት ለእርዳታ ደግሞ ‹‹ደሃ አይደለሽም›› እየተባለች ሜዳ ላይ ትቀራለች። በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን መካከልም በእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚተዳደሩት ጥቂት አይደሉም።

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ይህችን ሴት ያሰበ ሕግ አወጣ። በዚሁ መሠረት የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ1991 ጀምሮ ለክፍለ ግዛቶች ገንዘብ እየሰጠ፣ መድን የሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሴቶች የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዲያገኙ ማድረግ ጀመረ። የፌዴራሉ መንግሥት 3 ዶላር ሲሰጥ ክፍለ ግዛቱ በገንዘብ ወይም በዓይነት የ1 ዶላር ድርሻ እንዲጨምር፣ ከተሰጠውም ገንዘብ ቢያንስ 60 በመቶው በቀጥታ ለሴቶቹ አገልግሎት እንዲውል ተደነገገ።

ሥራው የሚመሰገን ነበር። ሆኖም አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረበት። ገንዘቡ ለምርመራ እንጂ ለሕክምና እንዲውል አልተፈቀደም። ሴትየዋ ትጠራለች፣ ትመረመራለች፣ ካንሰር እንዳለባትም ይነገራታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀዶ ጥገና፣ ጨረርና መድኃኒት ግን ከፋይ አልነበረውም። ሕጉ ክፍለ ግዛቶች ሕክምና እንዲያፈላልጉላት ቢጠይቅም የሚያሳክሙበትን በጀት አልሰጣቸውም። ስለዚህ የፕሮግራሙ ሠራተኞች ሐኪሞችን በነፃ እንዲያክሙላቸው ሲለምኑ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ደጅ ሲጠኑ ዓመታት አለፉ። የመርካቶዋ እናት ያነሱት ጥያቄ በዓለም ባለጠጋው አገር ውስጥ የእውነት ጥያቄ ሆኖ ቁጭ አለ። ባውቀውስ ምን ላደርገው ነው?

ታዲያ ምን ተደረገ? በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ‹‹የማናክማትን አንመርምር›› ብሎ በሩን መዝጋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተጀመረውን መጨረስ ነው። ሕሙማኑ፣ ሐኪሞቹና ስለ እነርሱ የሚሟገቱ ማኅበራት ሁለተኛውን መረጡ። ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙበት ሌላ ሕግ ወጣ። ሕጉ በዚህ ፕሮግራም ተመርምረው ካንሰር የተገኘባቸውን ሴቶች ክፍለ ግዛቶች በሜዲኬይድ እንዲያሳክሙ ፈቀደ። ፈቃድ እንጂ ግዴታ ባይሆንም ሃምሳውም ክፍለ ግዛቶችና ርዕሰ ከተማዋ ተቀበሉት። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ወዲህ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሴቶች ተገልግለውበታል። ጉድለቱ ግን አላለቀም። በጀቱ በየዓመቱ በምክር ቤቱ ውሳኔ የሚመደብ የተወሰነ ገንዘብ በመሆኑ ከሚገባቸው ሴቶች ውስጥ የሚደርሰው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው አንድ ነገር አለ። ሕክምናውን የወለደው ምርመራው ነው። እነዚያ ሴቶች ባይመረመሩ ኖሮ በየቤታቸው አንድ በአንድ ይሞቱ ነበር። ሞታቸውም ማንንም ሳይጠይቅ ያልፍ ነበር። ምርመራው ግን ተቆጣሪ አደረጋቸው። መንግሥት ራሱ ጠርቶ ‹‹ታመሻል›› ያላትን ሴት መልሶ ‹‹አላውቅሽም›› ሊላት አልቻለም። መንገር ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። ያልነገረ ሰው ‹‹አላወቅኩም ነበር›› ብሎ ያመልጣል፤ የነገረ ግን ማምለጫ የለውም። በእኛ አነጋገር አማና ተሸክሟል።

ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ብቻ ካሳመርነው እንዋሻለን። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ የታመሙት ሴቶች የሌላው መሻገሪያ ድልድይ ለመሆን አልተስማሙም ነበር። ሕክምና ፍለጋ የተንከራተቱት፣ ዕዳ የገቡት እነርሱ ናቸው። ‹‹ዛሬ እንመርምር፣ ሕክምናው አንድ ቀን ይመጣል›› ማለት በሌላ ሰው ነፍስ ቁማር መጫወት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ወዳጄ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። የተሳሳተው ከዕዳው ለመዳን ያየው መንገድ ዓይንን መጨፈን ብቻ በመሆኑ ነው።

በነፃ መመርመር ብቻውን አይበቃም

ከዚያው አገር አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ልጥቀስ። በኒው ዮርክ ከተማ ሐርለም በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ባለው የሕዝብ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ሐሮልድ ፍሪማን የተባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። እስከ 1986 ድረስ በነበሩት 22 ዓመታት እዚያ የታከሙትን የጡት ካንሰር ሕሙማን መዝገብ ሲያገላብጡ ያገኙት የሚያሳዝን ነበር። ግማሽ የሚሆኑት መድን አልነበራቸውም። በሽታው ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ የመጡት ከመቶ 6ቱ ብቻ ነበሩ። አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩትም ከመቶ 39ኙ ብቻ ነበሩ።

ዶክተሩ ከ1979 ጀምሮ በሠፈሩ የነፃ ምርመራ ጣቢያዎችን አቋቁመው ነበር። ቆይተው ግን ነፃ ምርመራ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዱ። ሴትየዋ ውጤቷን ሰምታ ትወጣና ቀጠሮ ታጣለች፣ ቅጽ መሙላት ያቅታታል፣ ልጆቿን የሚጠብቅላት አይኖርም፣ ከሁሉም በላይ ትፈራለች። ስለዚህ በ1990 አንድ አዲስ ሥራ ፈጠሩ። ያንን ሠፈር የሚያውቅ ሰው ሕመምተኛዋን ይዞ ከምርመራ እስከ ሕክምና መጨረሻ ድረስ በር በበር እንዲያደርሳት አደረጉ። ቀጠሮዋን ይከታተላል፣ ወረቀቷን ያስጨርሳል፣ ስትፈራ አብሯት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2000 በዚያው ሆስፒታል ከታከሙት ሴቶች አምስት ዓመት የቆዩት ከመቶ 70 ደረሱ። በጊዜ መታወቁ ብቻውን የዓመቱን ቆጠራ በጥቂቱ ሊያረዝመው እንደሚችል ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ። ቢሆንም ከ39 እስከ 70 ያለው ርቀት በዚያ ብቻ የሚሞላ አይመስለኝም።

ልብ በሉ፤ ይህ በር በበር የማድረስ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ‹‹መርምሬሻለሁና እስከ መጨረሻው አብሬሽ ነኝ›› የሚል ሰው ነው።

ለእኛስ ምን ይሆናል?

አንዳንድ አንባብያን ‹‹ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው፤ እኛ ማሞግራሙን ከየት አምጥተን?›› ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአገራችን ሁሉንም ሴት በራጅ ማሽን እንመርምር ብል ራሴን ማታለል ይሆንብኛል። ራጁ ጤነኛዋን ሴት ሳይቀር በከንቱ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ። ያንን ለማጣራት ደግሞ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪ ያስፈልጋል። የጨረር ሕክምናን ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲጠባበቅ በኖረ አገር፣ እብጠት ይዛ ወረፋ የቆመችው ሴት ከማንም በፊት መቅደም ይገባታል።

ይሁን እንጂ ማሽን የለንም ማለት ምንም የለንም ማለት አይደለም። በሕንድ ሙምባይ በደሳሳ ሠፈሮች የሚኖሩ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀምሮ ለ20 ዓመታት ያህል ክትትል ተደርጎበታል። በዚያ የመረመሩት ማሽኖች አልነበሩም፤ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ የመረመሩትም በእጃቸው ነው። በ2021 የወጣው ውጤት እንዳሳየው እንዲህ የተመረመሩት ሴቶች በሽታቸው ቀደም ባለ ደረጃ ተደርሶበታል። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ በጡት ካንሰር የሚሞቱት ወደ 30 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን በሞት ረገድ ይህን መሰል ለውጥ አልታየም። ነገሩ ተአምር አይደለም፤ ግን ብዙ ነው።

እኛም የሠለጠኑ ሴት እጆች አሉን። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት ይገባሉ፤ የሴቶችንም ቋንቋ ያውቃሉ። ይህም ለእኛ ለሙስሊሞች ሌላ ትርጉም አለው። ብዙ እህቶቻችን ሐያእ ይዟቸው ወንድ ሐኪም ፊት ከመቅረብ ሕመሙን መደበቅ ይመርጣሉ። ሴት ሐኪም በታጣ ጊዜ ወንድ ሐኪም ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል ማየት እንደሚችል ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ። ነገር ግን ‹‹ይፈቀዳል›› ብሎ ማስረዳት ብቻ ሴትየዋን ከቤቷ አያስወጣትም። ሴት መርማሪ ማዘጋጀት ግን ያስወጣታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ ሦስት ነገሮችን ለአገሮች አስቀምጧል። ከካንሰሮቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ እንዲታወቁ፣ ምልክት አይታ የመጣች ሴት በ60 ቀናት ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ እንድታገኝ፣ ከታመሙትም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕክምናቸውን ጀምረው እንዲጨርሱ። ሦስቱ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። አንዱ ከተበጠሰ ሌሎቹ ምንም አይስቡም። በጥቅምት ወር ሮዝ ሪባን አስሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ‹‹ተመርመሩ›› ብሎ የሚበተን ዘመቻ የመጀመሪያዋን ቀለበት ብቻ አንስቶ የሚያሳይ ነው።

የጀናዛው ዕድርና የሕያዋኑ ዕድር

ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ። ዕዳው የማን ነው? በመጀመሪያ የመንግሥት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ እየተስፋፋ የመጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጥሩ ጅምር ነው። አባወራው በዓመት ያዋጣል፤ መክፈል ላልቻለው ደሃ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። ስለ ንግድ ኢንሹራንስ ዑለማዎች ያላቸውን ውይይት አውቃለሁ። እኔ የማነሳው ግን ለትርፍ ያልተቋቋመውን የመረዳዳት መዋጮ ነው። እርሱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድር ማለት ምን ሆነና?

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳፍረን ነገር አለ። ዕድራችን ለሞተ ሰው የማይታማ ነው። ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ወጥ ይሠራል። ጀናዛ ሲወጣም ሥራውን ጥሎ የማይመጣ የለም። ጀናዛን ማንሳት ፈርድ ኪፋያ መሆኑን፣ ማለትም የተወሰኑት ከፈጸሙት ከሌላው የሚወርድ፣ ሁሉም ከተወው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ መሆኑን ከሕፃን እስከ አዋቂ ያውቃል። ነገር ግን ፈርድ ኪፋያ ጀናዛ ብቻ ነው ያለን ማን ነው? ኢማም አል-ገዛሊ ከ900 ዓመታት በፊት ‹‹ኢሕያእ ዑሉሙዲን›› በተሰኘው ሥራቸው ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች ዘንድ መድበውታል። በዘመናቸው ተማሪው ሁሉ ወደ ክርክር ሲጎርፍ በብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም መጥፋቱን አንስተውም ወቅሰዋል። ያችን የታመመች ጎረቤታችንን ሞታ ለመቅበር ግዴታ ካለብን፣ ሳትሞት ለማሳከም እንዴት ነፃ እንሆናለን?

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ዕድሮቻችን ከወርሃዊ መዋጯቸው ጥቂቷን ለሕያዋን ይለዩ። በየመስጂዱ ያሉ የሴቶች ጀማዓዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጋብዙ። ከየሠፈሩም አንድ አንድ አንደበተ ርቱዕ እህት መርጠው እንደ ሐርለሞቹ የታመመችውን እስከ ሕክምናዋ ፍጻሜ የምታደርስ ያድርጉ። ዘካ የሚያወጡ ነጋዴዎቻችን ሚስኪን ሕመምተኛን ከየት እንደሚመድቧት ዑለማዎችን ይጠይቁ። ባሎችም ‹‹እስቲ ይቆይ›› የሚለውን ቃል ከአፋቸው ያውጡ። ለምርመራ የሚጠሩ ድርጅቶችና ሆስፒታሎች ደግሞ ከመጥራታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፤ በሽታው ከተገኘባት ነገ ጠዋት የት ልንወስዳት ነው? ለዚህ መልስ ያለው ይጥራ። መልስ የሌለው ጥሪውን አዘግይቶ መልሱን ይፈልግ፤ ፍለጋውን ግን ዛሬውኑ ይጀምር።

‹‹ባውቀውስ ምን ላደርገው ነው?›› የሚለው ጥያቄ የእምነት ማነስም፣ የዕውቀት ማነስም አይደለም። ለእኛ የቀረበ ክስ ነው። ክሱም የሚመለሰው ‹‹እንዲህ ታደርጊዋለሽ፤ ያን ቀንም ብቻሽን አይደለሽም›› ብለን በእውነት ለመናገር የበቃን ቀን ነው። በሽታው ከቀደር ከሆነ መድኃኒቱም ከቀደር ነው። መድኃኒቱን ማድረስ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ወላሁ አዕለም።